ሳይበላሽ መቀየር ወይስ ለክቶ መተው? የፌራሪ 360 ሞተርና የሚፈሩት ክፍሎቹ

ጥያቄ፦ «የ2001 ፌራሪ 360 ሞዴና በቅርቡ ገዝቻለሁ። የሄደው 38,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የጥገና ሰነዱ ግን የተቆራረጠ ነው፤ ቺንጋው (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት የለም። አንድ መካኒክ ‹ሞተሩን አንዴ አውርደን ቺንጋውን፣ ቫሪያተሩን፣ የቢየላ ብሮንዚናውን (ፒስቶኑን ከዋናው ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ የሚንሸራተትበትን ስስ ብረት)፣ የቫልቭ ጋይዱን (ቫልቩ የሚመላለስበትን ቱቦ)፣ ሁሉንም ቀይረን እንገላገል› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ያልተበላሸ አይነካም› ባይ ነው። ዘይቱን ላቦራቶሪ ልኬ ንጹሕ ነው ተብያለሁ። የትኛውን ልስማ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይስሙ። መጀመሪያ የተምታቱ ነገሮች ይስተካከሉ። የ360ን ቺንጋ ለመቀየር ሞተር አይወርድም። ሞተር ማውረድ ግድ የነበረው ከእሱ በፊት በነበረው በኤፍ 355 ነው። በ360 ከወንበሮቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የሚፈታ ክዳን አለ፤ እሱ ሲነሳ የሞተሩ ፊት ከነሁለቱ ቺንጋዎች ይገኛል። ስለዚህ «ሞተሩ ከወረደ አይቀር» የሚለው ክርክር እዚህ መነሻ የለውም።

የኪሎ ሜትሩ ማነስም አያጽናናዎት። የቺንጋ ጠላት ርቀት ብቻ አይደለም፣ ዕድሜና ሙቀት ነው። ጎማው ይደርቃል፣ ቆሞ የኖረ መኪና ላይ ደግሞ በፑሊው ዙሪያ እንደታጠፈ ለወራት ይቀመጣል። በዓመት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር የተነዳ 360፣ አዘውትሮ ከሚነዳው የባሰ ቺንጋ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

የዘይቱን ውጤት በተመለከተ፣ ላቦራቶሪው የሚያየው ዘይት የሚነካውን ብቻ ነው። ቺንጋው ዘይት አይነካውም። ቺንጋውን የሚወጥረው የመወጠሪያው ኩሽኔታ በራሱ ግራሶ የታሸገ ነው። የጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ሴራሚክም ከዘይቱ ጋር አይገናኝም። የእርስዎ «ንጹሕ» ውጤት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሞተር ሊያጠፉት ከሚችሉት ነገሮች ስለ አብዛኞቹ ግን አንድም ቃል አልተናገረም።

አንድን ክፍል ሳይበላሽ ለመቀየር ስወስን የማየው ይህን ነው፦ ሲሄድ ብቻውን ይሄዳል ወይስ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል? ከመሄዱ በፊት በመለኪያ የሚያዝ ምልክት ይሰጣል? የሚያልቀው እያረጀ ነው ወይስ በዘፈቀደ? እሱ ጋ ለመድረስስ ምን ምን መፈታት አለበት? ሞተር ይዞ የሚሄድ፣ ምልክት የማይሰጥና በዕድሜ የሚያልቅ ክፍል ከሆነ ጥርጣሬ አያስፈልግም፣ ይቀየራል። ምልክት የሚሰጠው ይለካል። በዘፈቀደ የሚሄደው፣ ለምሳሌ የካንዴላ ኮይል ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ መለዋወጫው ይቀመጥለታል እንጂ የሚሠራው አይነቀልም። እንዲህ ያለ ክፍል ላይ አዲሱ ከአሮጌው አይበልጥም፤ እንዲያውም የአመራረትና የአገጣጠም ጉድለት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት ስለሆነ ዓመታት የሠራው ብዙ ጊዜ ይሻላል። «ሁሉንም ቀይረን እንገላገል» የሚሉ ሰዎች የሚዘነጉት ይህን ነው።

አሁን ወደ ቺንጋው። 360 ባለ 3.6 ሊትር ቪ8 ነው፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር 5፣ በድምሩ 40 ቫልቭ አለው፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 8,500 ዙር ላይ ነው። ቫልቮቹና ፒስቶኖቹ በየተራ አንድ ቦታ ላይ ስለሚደርሱ ቺንጋ ሲበጠስ ወይም ጥቂት ጥርስ ሲዘል ፒስቶኑ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ሒሳብ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን)፣ ቫልቮች፣ አንዳንዴም ፒስቶን ነው። ቅድመ ምልክት የለም፤ ላይ ላዩን ጤነኛ የሚመስል ቺንጋ ውስጡ ያለው ክር ደክሞ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሞተር ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀይሩታል። የተቀየረበት ወረቀት ከሌለ ደግሞ አልተቀየረም ተብሎ ነው የሚታሰበው። የቀድሞ ባለቤት ቃል ወረቀት አይደለም።

ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ መውጣት ግን ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የመወጠሪያው ኩሽኔታ ነው። አሮጌውን በጣትዎ ሲያሽከረክሩት መሻከር ከተሰማዎት ወይም ያለ ምንም ተቃውሞ ከሮጠ ግራሶው አልቋል ማለት ነው። ኩሽኔታው ከነከሰ አዲሱን ቺንጋ አቃጥሎ ይጥለዋል፣ ውጤቱም ቺንጋው ራሱ ከተበጠሰበት አይለይም። ሁለቱም መወጠሪያዎች አዲስ ኩሽኔታ ያግኙ። የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፓራኦሊዮዎችም፣ ማለትም የዘይት ማሸጊያ ቀለበቶቹ፣ አብረው ይቀየሩ፤ ከእነሱ የሚያዣው ዘይት ቺንጋውን ያለሰልሰዋል።

አገጣጠሙ ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ቺንጋው ሲመጣ በላዩ የታተመውን የምርት ቀን ያንብቡ፤ መደርደሪያ ላይ 6 ዓመት የተቀመጠ «አዲስ» ቺንጋ አዲስ አይደለም። ሲገጠም አይታጠፍም፣ አይጠመዘዝም፣ በካቻቪቴ እየተፈነቀለ ፑሊው ላይ አይወጣም። ውጥረቱ በእጅ ግምት አይደለም፤ ሞተሩ በረድ ብሎ፣ ቺንጋው ሲነካ የሚሰጠውን የድምፅ ድግግሞሽ በሚያነብ መሣሪያ ይለካል። ካምሻፍቶቹም በፋብሪካው ምልክት ብቻ አይቀመጡ። ምልክቶቹ የሚያቀራርቡ እንጂ የሚያረጋግጡ አይደሉም፤ ትክክለኛው አሠራር ክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ላይ የዲግሪ ሰሌዳ፣ ቫልቩ ላይ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) አድርጎ የመክፈቻ ጊዜውን ማንበብ ነው። መካኒኩ እነዚህን ሁለት መሣሪያዎች ከሌለው ሥራው ለእሱ አይደለም። በመጨረሻ ሞተሩ በእጅ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞርና እንደገና ይለካል። በመሃል የሚከለክል ነገር ከተሰማ አይገፋም፤ የከለከለው ቫልቭ ሊሆን ይችላል።

ቫሪያተሮቹ በጭስ ማውጫ ካምሻፍቶቹ ጫፍ ያሉና የቫልቭ ጊዜውን በዘይት ግፊት የሚያዛውሩ ክፍሎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 360ዎች ላይ የተገጠሙት ድክመት ስለነበረባቸው በተሻሻሉ ተተክተዋል። ክፍሉ ከተበታተነ የካምሻፍቱ ጊዜ ይስታል፤ ውጤቱ ከቺንጋ መበጠስ እኩል ነው። የእርስዎ መኪና ዘመን አጠራጣሪው ውስጥ ይወድቃል። ይሁን እንጂ በጭፍን አይቀየርም። የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል ሰጥተው ተሠርቶ እንደሆነ ያስጠይቁ። መልስ ካልተገኘ ቺንጋው ሲወልቅ የክፍሉ ቁጥር በዓይን ይታያል። አሮጌው ዓይነት ከሆነ ያለ ክርክር ይቀየር፤ ቺንጋው ተፈትቶ ሳለ ተጨማሪው ሥራ ትንሽ ነው። የተሻሻለው ከሆነና ሞተሩ ሲነሳ ከተለመደው በላይ የሚንኳኳ ድምፅ ከሌለ አይነካ።

ብዙ ባለቤቶች የማያስቡበትና እኔ ግን ከቺንጋው ቀጥሎ የማስቀምጠው የጭስ ማውጫውን ነው። በአንዳንድ ገበያዎች የተሸጡት 360ዎች በጭስ ማውጫው መሰብሰቢያ ውስጥ፣ ለሞተሩ በጣም ቀርቦ፣ ተጨማሪ ትንሽ ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራ ክፍል) አላቸው። ውስጡ ያለው የማር እንጀራ መሳይ ሴራሚክ በሙቀትና በንዝረት ሲፈረፈር ብናኙ ሁሉ ወደ ውጭ አይወጣም። የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቮች ለአፍታ አብረው በሚከፈቱበት ጊዜ የጭሱ ግፊት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ብናኙም ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሴራሚክ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው፤ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስቶን ቀለበቱን ይፍቀዋል። በቀጣይ የሚታየው ዘይት መብላት ነው፤ ያኔ ጊዜው አልፏል።

ደግነቱ ይህ አስቀድሞ ይታያል። የኦክስጅን ሴንሰሩን ፈትቶ በቀዳዳው ቀጭን የቦርስኮፕ ካሜራ ማስገባት ይበቃል። የሴራሚኩ ፊት ሙሉ፣ ቀዳዳዎቹ እኩል መሆን አለባቸው፤ የተሸረፈ ጠርዝ፣ የቀለጠ ቦታ ወይም ከበስተ ጀርባው የሚንኮሻኮሽ ስብርባሪ ካለ መኪናው ከዚያ ቀን ጀምሮ መነዳት የለበትም። ካሜራው እጅ ላይ እያለ በካንዴላ ቀዳዳዎቹም ይግባና የሲሊንደሩ ግድግዳ ይታይ፤ ቁልቁል የወረዱ ጭረቶች ካሉ ሴራሚኩ ቀድሞ ገብቷል። መፍትሔው መሰብሰቢያውን በአዲስ መተካት ወይም የአካባቢው ሕግ በሚፈቅድበት ተጨማሪ ካታሊስት በሌለው ማስቀየር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ፍጥነት ቀንስ የሚለው የካታሊስት ሙቀት መብራት ሲበራ «ሴንሰሩ ነው» እያሉ የሚያልፉ አሉ። ብዙ ጊዜ በእርግጥ የሙቀት መለኪያው ወይም የእሱ ሳጥን ነው፤ ግን ይህ የሚባለው ከተለካ በኋላ ነው። አንድ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ጥሬ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ ሲልክ የሚበራውም ያው መብራት ነው።

መኪናዎ ኤፍ1 የተባለው ባለ ፔዳል ካምቢዮ ካለው ደግሞ የሃይድሮሊክ ፖምፓውን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ክፍል) ይቀይሩ። ሪሌው ተጣብቆ ሲቀር ፖምፓው ሳያቋርጥ ይሠራና ይቃጠላል። ሪሌው ከፖምፓው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፣ ለመቀየርም ደቂቃዎች ይበቃሉ። አስቀድሞ መቀየር ማለት ይህን የመሰለ ነው።

ወደ ቢየላ ብሮንዚናውና ቫልቭ ጋይዱ ስንመጣ መልሴ አጭር ነው፦ አይክፈቱት። እነዚህ ምክሮች ከሌሎች ሞተሮች ታሪክ ተቀድተው የመጡ ናቸው፣ እዚያ ደግሞ ትክክል ናቸው። በ2007 በወጣው ቢኤምደብልዩ ኤም 3 ላይ ያለው ኤስ 65 ቪ8 እና ኤም 5 ላይ ያለው ኤስ 85 ቪ10 የቢየላ ብሮንዚናቸው ቀድሞ እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። ቢየላው ሲያንኳኳ ክራንክሻፍቱ ተበልቷል ማለት ስለሆነ ድምፅ መጠበቅ አያዋጣም። እዚያ አስቀድሞ መቀየሩ ያዋጣል፤ ምክንያቱም ሥራው ሞተሩን ሳያወርዱ፣ የፊቱን ሰብፍሬምና የዘይት ገንዳውን በማውረድ ከሥር ይሠራል። በቪ8ቱ 16፣ በቪ10ሩ 20 ግማሽ ብሮንዚና ይገባል። የቢየላ ብሎኖቹ ተስበው የሚጠብቁ ስለሆኑ ሁሉም አዲስ ይሆናሉ፤ አሮጌው ብሎን ተመልሶ አይገባም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ «የተሻለ ጥንካሬ» ያለው የሌላ አምራች ብሎን ከተመረጠ የመቆንጠጫው ኃይል ስለሚለወጥ የቢየላው ቀዳዳ ክብነት እንደገና መለካት አለበት። ሳይለካ የገባ ጠንካራ ብሎን ብሮንዚናውን ቀድሞ ሊገድለው ይችላል።

የኮርቬት ዜድ06 ኤልኤስ7 ሞተርም፣ ከ2006 እስከ 2013 የተመረተው ባለ 7.0 ሊትሩ፣ በቫልቭ ጋይድ ይታወቃል። የጭስ ማውጫ ቫልቩ ውስጡ ክፍት ሆኖ በሶዲየም የተሞላ ነው፤ ጋይዱ ሲሰፋ ቫልቩ ይዋዥቃል፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። እዚያም ቢሆን ቀድሞ የሚመጣው መለካት ነው። ኤፍ 355 ላይ ደግሞ ቀደም ባሉት መኪኖች የነበረው የነሐስ ጋይድ እንደሚያልቅ የታወቀ ነው፤ የመካኒክዎ ሐሳብ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የፖርሽን ምሳሌ የማነሳው ደግሞ ሌላ ነገር ስለሚያስተምር ነው። 996 እና ቀደምት 997 የሚባሉት ትውልዶች ተራ 911ዎች፣ እንዲሁም የዚያ ዘመን ቦክስተር፣ የመሃል ዘንጋቸውን የሚይዝ ኩሽኔታ አላቸው። ኩሽኔታው በራሱ ክዳን የታሸገ ነው፤ ክዳኑ ሲደክም ግራሶው ታጥቦ ይወጣል። ከተበታተነ የካምሻፍቶቹን ጊዜ ያዛባና ሞተሩን ያፈርሳል። እሱ የሚገኘው ከፍሪሲዮንና ከቮላኖ ጀርባ ስለሆነ ፍሪሲዮን ሲቀየር አብሮ መቀየሩ ብልህነት ነው። ግን ሁለት ገደብ አለው። ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ላይ ያለው ትልቁ ኩሽኔታ ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈል አይወጣም፤ እዚያ አስቀድሞ መቀየር የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ፊልትሮው ውስጥ ብረት ከተገኘ በኋላ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ብናኙ በዘይት መንገዶቹ ሁሉ ተሰራጭቷል፣ ሞተሩ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። የዚያው ዘመን ተርቦና ጂቲ3 በሌላ ሞተር፣ ሜትስገር በሚባለው፣ ስለሚሠሩ ይህ አይመለከታቸውም፤ የእነሱ ችግር በማጣበቂያ የተያያዙ የውሃ ቱቦዎች መላቀቅ ነው። ተመሳሳይ ስምና ተመሳሳይ ዓመት ያላቸው መኪኖች የተለያየ በሽታ አላቸው። «ሱፐርካር ሁሉ እንዲህ ነው» ብሎ የሚጀምር ምክር የማልሰማው ለዚህ ነው።

የእርስዎ 360 ብሮንዚናና ጋይድ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም። ሞተሩን አሙቆ ሊክዳውን የሚባለውን ምርመራ ማድረግ ነው፦ ፒስቶኑ በጭመቃው ጫፍ ላይ ሆኖ ሲሊንደሩ በካንዴላ ቀዳዳ በታመቀ አየር ይሞላል፣ ምን ያህሉ እንደሚያመልጥ ይነበባል። ከቁጥሩ በላይ የሚነግረው በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነትና የማምለጫው ቦታ ነው። በጭስ ማውጫው የሚነፋ ከሆነ የማስወጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ቀለበት፣ በራዲያተሩ ውሃ አረፋ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ነው። አንዱ ሲሊንደር 5 በመቶ ሌላው 20 በመቶ ካመለጠው የሚነጋገሩበት ነገር አለ። ስምንቱም ተቀራራቢና ዝቅተኛ ከሆኑ ቴስታታ ለማንሳት ምክንያት የለም።

ዘይቱን አንድ ጊዜ ማስመርመር ብዙም አይጠቅምም፤ ጥቅሙ በተከታታይ ሲደረግና አዝማሚያው ሲታይ ነው። ናሙናው ዘይቱ ትኩስ ሆኖ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ካለፈ በኋላ ከመሃል ይቀዳል። ብሮንዚና ሲበላ የሚጨምሩት እርሳስና መዳብ፣ እርሳስ በሌለበት ዓይነት ደግሞ ቆርቆሮና አሉሚኒየም ናቸው፤ ስለዚህ የትኛው ብሮንዚና እንደገባ ሳያውቁ ውጤቱን ማንበብ ያሳስታል። ሌላው ጉድለቱ የተለመደው የላቦራቶሪ መሣሪያ በደንብ የሚያየው ከ10 ማይክሮን በታች ያለውን ደቃቅ ብናኝ መሆኑ ነው። በዓይን የሚታየው ቅርፊት ዘይቱ ውስጥ አይቆይም፣ ፊልትሮው ይይዘዋል።

ስለዚህ ፊልትሮው በየለውጡ ይቆረጥ። በመጋዝ አይደለም፤ መጋዝ የራሱን ብረት ይጨምርበትና ውጤቱን ያበላሻል። ለዚሁ የተሠራ መቁረጫ አለ። ወረቀቱ ተዘርግቶ ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ በፀሐይ ብርሃን ይታያል፣ ማግኔትም ይቀርብለታል። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው፤ የማይሳበውና የሚያብረቀርቀው የመዳብ ወይም የብር ቀለም ቅርፊት ከብሮንዚና የመጣ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ያሳስባል።

መክፈት ራሱ አደጋ አለው የምለው እንዲሁ ለማስፈራራት አይደለም። አሉሚኒየም ላይ ያለ የብሎን ጥርስ አንዴ ከተበላ በጥገና እንጂ በማጥበቅ አይመለስም። በቢየላና በክራንክሻፍት መካከል የሚገባ አንድ ቆሻሻ ቅንጣት አዲሱን ብሮንዚና ይቧጭረዋል። የደረቀ ማሸጊያ ሲፋቅ ቁርጥራጩ ወደ ዘይት መንገድ ይገባል። ጤነኛ ሞተር ሲከፈት የሚገኘው ትርፍ ዜሮ ነው፤ ኪሳራው ግን ዜሮ አይደለም።

እንግዲህ የሚያደርጉት ይህ ነው። ቺንጋው እስኪቀየር መኪናውን አያስነሱት፤ በጭነት ይወሰድ። የጭስ ማውጫውና የሲሊንደሮቹ የካሜራ እይታ ምንም ከመፈታቱ በፊት ይሁን፣ ውጤቱ ቀሪውን ወጪ ሊቀይረው ይችላልና። ከዚያ ሁለቱ ቺንጋዎች፣ ሁለቱ የመወጠሪያ ኩሽኔታዎች፣ የካምሻፍት ፓራኦሊዮዎችና የውጭው ቺንጋ (ዲናሞውንና የመሳሰሉትን የሚያዞረው) ይቀየሩ፤ ቫሪያተሮቹ በቁጥራቸው ተለይተው አሮጌ ከሆኑ ይቀየሩ። ሪሌው ይቀየር። የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹም ይታዩ፤ በዚህ ሞዴል ላይ ወርደው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ሊክዳውን አዲሱ ቺንጋ ተገጥሞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይደረግ። የወለቁት ክፍሎች በስማቸው ተለጥፎባቸው ይመለሱልዎ፣ ደረሰኙም የክፍል ቁጥርና የቺንጋውን የምርት ቀን ይያዝ። ዘይቱ ብዙ ባይነዱም በዓመት አንዴ ይለወጥ፣ ፊልትሮው ይቆረጥ።

ይህን ሁሉ የሚገለብጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። ፊልትሮው ውስጥ ማግኔት የማይስበው ቅርፊት ከተገኘ ወይም ከሲሊንደሮቹ አንዱ በሊክዳውን ከሌሎቹ ርቆ ከወደቀ፣ ያኔ ጉዳዩ አስቀድሞ መቀየር መሆኑ ቀርቷል፤ ሞተሩ ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ እስከዚያው ቁልፉ አይዞርም።